«ተነሥቷል» ወይስ «ሳይነሣ አልቀረም»?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ስለ ቶርኔዶ፣ ከደመና እስከ መሬት ስለሚደርሰው ኃይለኛ አዙሪት ነፋስ፣ ማስታወሻ ሳዘጋጅ «ራዳሩ ደመናው ሲሽከረከር አሳየ፤ ስለዚህ ቶርኔዶ ተነሥቷል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ባልደረባዬ «ሳይነሣ አይቀርም» በል አለኝ፤ ሌላዋ ደግሞ «ሳይነሣ አልቀረም» ነው አለች። የቱ ነው ትክክል?

መልስ፦ ሦስቱም ደኅና አማርኛ ናቸው። የሚለያዩት ተናጋሪው በእጁ ባለው ማስረጃ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከደሴ በኩል የሚወርደው የቦርከና ወንዝ ደፍርሶ ሲሞላ ያየ ሰው «ደሴ ሳይዘንብ አልቀረም» ይላል። ዝናቡን አላየም፤ ጎርፉን አይቶ ፈረደ። የደሴው የጦሳ ተራራ በጥቁር ደመና ሲሸፈን ግን «ሳይዘንብ አይቀርም» ይላል፤ ገና የሚመጣ ነውና። ደሴ ላይ ጃንጥላ የዘረጋው ሰው «እየዘነበ ነው» ለማለት ማንንም አያስፈቅድም።

ራዳርም አብዛኛውን ጊዜ ከቦርከና ዳር እንደቆመው ሰው ነው። ሞገድ ልኮ ከዝናብና ከበረዶ ነጥሮ የሚመለሰውን ይቀበላል። የዶፕለር ራዳር ደግሞ ጠብታዎቹ ወደ እርሱ እየቀረቡ ወይም እየራቁ መሆናቸውን ይለካል። ሱፐርሴል በሚባለው ግዙፍ የነጎድጓድ ደመና ውስጥ ቀራቢውና ራቂው ነፋስ ጎን ለጎን ሲገኙ ደመናው እየተሽከረከረ መሆኑ ይታወቃል። ነገር ግን ከሚሽከረከሩት አብዛኞቹ ቶርኔዶ ሳያስነሡ ይበተናሉ። በዚያ ላይ ዝቅተኛው የራዳር ጨረር እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ሲርቅ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል መሬት ላይ ያለውን አያይም። የእርስዎ «ስለዚህ» ሊሸከም ከሚችለው በላይ ተጭኗል። ለሽክርክሪት ብቻ «ሊነሣ ይችላል» ይበቃል፤ «ሳይነሣ አይቀርም» እንኳ ይከብደዋል።

«ሳይነሣ አልቀረም» ቦታውን የሚያገኘው በዝናቡ ምስል ጠርዝ ላይ መንጠቆ መሰል ጅራት ሲቆለመምና ሽክርክሪቱ ከታች ጠብቦ ሲበረታ ነው። ይህ መንጠቆ ከቶርኔዶ ጋር ተያይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ በራዳር የተመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 በአሜሪካ ኢሊኖይ ነበር። ጋዜጦቻችን በዚህ ቦታ «እንደተነሣ ይገመታል» ማለት ይወዳሉ፤ ገማቹ ማን እንደሆነ ግን አይነግሩንም። እኔ «አልቀረም»ን እመርጣለሁ።

«ተነሥቷል» የሚባለው ሰው በዓይኑ ሲያየው ነው፤ ወይም ራዳሩ በሽክርክሪቱ መካከል የተነቀለ ቅርንጫፍና የቆርቆሮ ስባሪ ሲይዝ። አዳዲሶቹ ራዳሮች በአግድምና በቁም ሞገድ ስለሚልኩ ቅርጹ ከተዘበራረቀ ፍርስራሽ የሚመለሰውን ከዝናብ ጠብታው ይለያሉ። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎትም በማስጠንቀቂያው ላይ በራዳር የተጠቆመውንና የተረጋገጠውን ለይቶ ይጽፋል።

ማስታወሻዎን እንዲህ ቢያርሙት ይሻላል፦ «ራዳሩ ደመናው ሲሽከረከር ስላሳየ ቶርኔዶ ሊነሣ ይችላል፤ ፍርስራሽ ሲታይ ግን ተነሥቷል።»