ጉንፋን፣ የሳንባ ምችና ክትባት፦ ከጅማ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ልጄን ሦስት ቀን አስሎታል። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹለት። ጤና ጣቢያ መቼ ልውሰደው?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ሕፃን የሚዘገይብን በዚህ ስም ነው። ዳማከሴ የሚታሽለት ምችና የሳንባ ምች ስማቸው እንጂ ሕመማቸው አይገናኝም። የሚለየው ሳሉ ሳይሆን አተነፋፈሱ ነው። ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ረጋ ሲል፣ ልብሱን ወደ ላይ ሰብስቢና ሆዱን እያየሽ በስልክሽ ሰዓት ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሪ። ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ትንፋሽ ነው። ለልጅሽ ዕድሜ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጥኗል፤ ዛሬውኑ ውሰጂው። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን መስመሩ 60 ነው፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ደግሞ 40። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አያዋጣም፤ ሕፃን አንዴ ፈጠን አንዴ ቆም እያለ ስለሚተነፍስ ስህተቱም በአራት ይባዛል።

አየር ሲያስገባ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ ሰርጎድ የሚል ከሆነም ቆጠራው 50 ባይሞላ እንኳ ዛሬውኑ ይታይ። ጡት መያዝ ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንዘፈዘፈው ወይም አልነቃ ካለ ግን ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ወደ ሆስፒታል፤ ሸነን ጊቤ ወይም የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል፣ የቀረበሽ ጋ።

ጥያቄ፦ ማርና ዝንጅብል ልስጠው?

መልስ፦ ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ጡት ቶሎ ቶሎ ስጪው። እንጥሉን አስቆርጪ የሚልሽ ካለ ደግሞ እንዳትሰሚ። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ሳሉ ግን ከእንጥል አልመጣም።

ጥያቄ፦ የ10 ሳምንት ቀጠሮ ነገ ነው፤ ልጅቷ ግን ንፍጥ አላት። ላሳልፈው?

መልስ፦ አታሳልፊው። ቀላል ጉንፋንና መለስተኛ ትኩሳት ክትባት አይከለክሉም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው የኒሞኮካል ክትባት (ፒሲቪ) ከዋነኞቹ የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያዎች አንዱን ይከላከላል። አብሮት የሚሰጠው ፔንታቫለንት (አምስት በአንድ ክትባት) ደግሞ ትክትክንና ሂብ የሚባለውን ሌላ የሳንባ ምች አምጪ ባክቴሪያ ይከላከላል። ማታ ብትሞቅና ታፋዋ ቢያብጥ አትደንግጪ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ቀን ይለቃታል። የክትባት ካርዷን ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ለኩፍኝ ክትባት ሄጄ «ሌላ ቀን ነይ» ተባልኩ። ክትባት የለም ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ነው፤ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ ስለሚበቃ ለአንድ ልጅ ላለመክፈት ያመነታሉ። እንደኔ እንደኔ አንድ ልጅ ሳይከተብ ከሚመለስ ብልቃጡ ቢጣል ይሻላል። አንቺ ግን የክትባት ቀናቸውን ጠይቀሽ ጠዋት ሂጂ። መጀመሪያው በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው፤ ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ከመድኃኒት ቤት እየገዛን እንወስዳለን።

መልስ፦ ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይነካም። በሳምንት የሚለቃችሁ በራሱ ነው። ሳያስፈልግ መውሰድ ደግሞ ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል፤ ሕፃን የሳንባ ምች ሲይዘው የሚሰጠው ይኸው አሞክሳሲሊን ስለሆነ ያኔ አቅም ያጣብናል።

ጥያቄ፦ የኮቪድ ፈጣን ምርመራ ኔጌቲቭ አለኝ፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም።

መልስ፦ ቀድመህ ተመርምረህ ይሆናል፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ድገመው። ኪቱ ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ መጀመሪያ የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። መጥረጊያውን ሁለቱም አፍንጫ ውስጥ አዙር፤ ጫፉን ብቻ መንካት ናሙና አያወጣም። ጠብታውንና ደቂቃውን በወረቀቱ ላይ እንዳለው ጠብቅ፤ ከተባለው ጊዜ አልፎ የሚታይ መስመር አይታመንም። በሰዓቱ «ቲ» ላይ የታየ ፈዛዛ መስመር ግን ፖዘቲቭ ነው። የ«ሲ» (የመቆጣጠሪያው) መስመር ካልወጣ ኪቱ አልሠራም፤ በሌላ ድገመው።

ጥያቄ፦ አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፤ ቡና ለቀማ ሄደው ከመጡ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ያስላቸዋል።

መልስ፦ ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የአክታ ምርመራ ይፈልጋል። በለቀማ ጊዜ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ያድራል፤ ቲቢም እንዲህ ባለው ቦታ ይዛመታል። ጠዋት ከቁርስ በፊት ከጥልቅ አስለው ያወጡትን አክታ ይስጡ፤ ምራቅ አይጠቅምም። በመንግሥት ጤና ተቋም ምርመራውም ሕክምናውም በነፃ ነው።

ጥያቄ፦ የጉንፋን ክትባት የሚባለውስ?

መልስ፦ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ማለት ነው፤ በመደበኛው የክትባት ፕሮግራማችን ውስጥ የለም። ካገኛችሁት በየዓመቱ ይታደሳል፣ እስኪሠራም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋውያን፣ ለአስምና ለልብ ሕመምተኞች ቅድሚያ ይሰጥ።

ጥያቄ፦ በርጫ ላይ አንዱ ቢያስል ምን ይደረግ?

መልስ፦ የሚያስለው ቤቱ ይረፍ፤ ከመጣ ማስክ ያድርግ። መስኮቱ ይከፈት። ዝናብ ነው ተብሎ ክፍል ዘግቶ አራት ሰዓት መቀመጥ፣ በአንድ የውሃ ኩባያ መጠጣት፣ ሺሻ መቀባበል ቫይረሱን ለሁሉም ያዳርሳል። ሕፃን ያዘለች እናት ከከሰሉና ከዕጣኑ ጢስ ራቅ ብላ በር አጠገብ ትቀመጥ።