«ለውጡን ምሪው» ተብላ ለተመደበችው እህታችን

ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን በጥራት ቁጥጥር ስድስት ዓመት ሠርተሻል። አሁን ሥራ አስኪያጁ የአባላቱን ማሳ በጂፒኤስ የመመዝገቡን ሥራ «አንቺ ምሪው» ብሎሻል። ምዝገባው ያስፈለገው የአውሮፓ ኅብረት ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና እንዳይገባበት ሕግ ስላወጣ ነው። ነባር ባልደረቦችሽ ደግሞ «የአውሮፓ ሕግ ሁለቴ ተራዝሟል፣ ነገም ይራዘማል፣ በከንቱ አትልፊ» ይሉሻል። በዚህ መሃል አዲስ አበባ ካለ አንድ የእርዳታ ድርጅት የሁለት ዓመት የፕሮጀክት ሥራ፣ እጥፍ በሚጠጋ ደመወዝ ቀርቦልሻል።

እህቴ፣ እኔ ብሆን ምደባውን እቀበላለሁ፤ ግን በደብዳቤ።

ስለ መራዘሙ ባልደረቦችሽ የሚሉት እውነት ነው። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣ በኋላ መጀመሪያ በ2024 መጨረሻ፣ ቀጥሎ በ2025 መጨረሻ ይጀመራል ተብሎ ሁለቱም ጊዜ ተገፍቷል። ቀኑ ስለተገፋ ሥራውም ተገፋ ማለታቸው ግን አያስኬድም። ቡናው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት አለመምጣቱን ማስረዳት ያለበት አስመጪው ነው። ካጠፋ የሚቀጣውም እሱ ነው፤ የቅጣቱ ጣሪያም አውሮፓ ውስጥ ካለው ዓመታዊ ሽያጩ ከ4 በመቶ እንዳያንስ ተደንግጓል። ይህን የሚያውቅ ገዢ የማሳ መረጃ ለመጠየቅ የመጨረሻዋን ቀን አይጠብቅም። ሕጉ ጭራሽ ቢቀር እንኳ ልፋትሽ ሜዳ ላይ አይወድቅም። በ2001 ዓ.ም. ቡና ወደ ምርት ገበያ ሲገባ በአካባቢና በደረጃ ተደባልቆ ይሸጥ ስለነበር የገበሬው ማንነት መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር፤ ልዩ ጣዕም ፈላጊ ገዢዎችም ያኔ አጥብቀው የተሟገቱት «ከማን ማሳ እንደመጣ እንወቅ» ብለው ነው። ስለዚህ ሙያሽን ከአንድ ቀነ ገደብ ጋር አታስሪው። ቀኑ ቢመጣም ቢቀርም ገበያ ካለው ችሎታ ጋር እሰሪው። ቡና ቀምሶ ደረጃ የሚያወጣ ሰው ጅማ ላይ አይጠፋም። የጥራቱንም የማሳውንም መዝገብ አንድ ላይ የሚይዝ ግን ጥቂት ነው።

የሚከብድሽ ሰዉ ነው። ጎማ ወይም ማና ያለ ገበሬ ስልክ ይዞ ማሳው ላይ የሚቆም ሰው ሲያይ «ግብር ሊጨመርብኝ ነው፣ መሬቴ ሊቆረስ ነው» ብሎ ይሰጋል። ስጋቱን አላዋቂነት አድርገሽ እንዳታዪው፤ ተለክቶ የተወሰደበትን ሰው ሳያውቅ አይቀርም። ቀድመሽ የመሠረታዊ ማኅበሩን አመራርና ሽማግሌዎቹን በኦሮምኛ አነጋግሪ፣ መረጃው ወዴት እንደሚሄድ ንገሪያቸው፣ ማረጋገጥ የማትችይውን ቃል አትግቢ። ከተመዘገበው ላይ አንድ ቅጂ ለገበሬው ይሰጠው።

«እንቅፋት ሆኑብኝ» ያልሻቸውን ነባር የግዢ ሠራተኞች እኔ በሌላ ዓይን ነው የማያቸው። በመዝገቡ ላይ «አባ ዱራ» ተብሎ የተጻፈው ሰው በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሦስት ሊሆን ይችላል፤ የትኛው ከወንዙ ማዶ እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የመጋዘኑ ኃላፊማ ከሁሉም ይበልጥብሻል። የተመዘገበውንና ያልተመዘገበውን ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) አንድ ክምር ላይ ካፈሰሰው የዓመቱ ድካምሽ እዚያው ያልቃል። ሁለቱንም ወገኖች ከመጀመሪያው ስብሰባ አስገቢያቸው፤ ቅጹን ስታዘጋጂም አብረው ያርሙት።

የመጀመሪያውን ቀበሌ ራስሽ ዙሪው። ሰሳና ዋንዛ ጥላ ሥር ስልኩ ቦታውን ቶሎ አይዝም፤ ነጥቡ ጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። ታግሰሽ ቆመሽ የስህተት ርቀቱ እስኪጠብ መጠበቅ አለብሽ፤ የቦታው ኬክሮስና ኬንትሮስ ቁጥር ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ እንዲኖረው ነው የሚፈለገው። ደግነቱ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ድንበሩን ዙሮ መቅረጽ የሚያስፈልገው ከዚያ ለሚበልጠው ነው። አባሎቻችሁ አብዛኞቹ ባለ አነስተኛ ማሳ ከሆኑ ሥራው ከሚወራው ይቀላል። እሸቱ መቅላት ሳይጀምር ግን መግባት አለብሽ፤ ለቀማ ላይ ያለ ገበሬ ለማንም ጊዜ የለውም።

አሁን ደብዳቤው። «ለጊዜው በተጠባባቂነት ያዢው» ከተባልሽ እሺ አትበይ። ዓመት ሙሉ ኃላፊነቱ ያንቺ፣ ደመወዙ የድሮው የሆነባቸውን ብዙ ሰዎች አማክሬአለሁ። የምደባው ደብዳቤ የሥራ መደቡን፣ ተጠሪነትሽ ለማን እንደሆነ፣ ደመወዝና የውሎ አበሉን፣ ስንት ሰውና ስንት ስልክ እንደሚሰጥሽ፣ ሥራው ቢቋረጥ ወደ ቀድሞ መደብሽ እንደምትመለሺ ይጻፍበት። የመጨረሻዋን መስመር አጥብቀሽ ያዢ።

የአዲስ አበባውን ሥራ አልንቀውም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ምን ያህል እንደወረደ ታውቂያለሽ፤ እጥፍ ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የቤት ኪራዩን ቀንሰሽ አስቢው፤ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና እስከ መቼ እንደጸደቀም በግልጽ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ተራድኦ ገንዘብ በድንገት ሲቆም ውላቸው ገና ያላለቀ ሰዎች ቤታቸው ገብተዋል። ገንዘቡ አስተማማኝ ሆኖ፣ አለቃሽም ደብዳቤውን እምቢ ካለ፣ ያለ ጸጸት ሂጂ። ስትለቂ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሚጠይቅሽ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ ነው።

«ሌላ ሥራ እንዳገኘሁ ለአለቃዬ ልንገረው?» ላልሽው፣ ንገሪው። ግን መጀመሪያ የደብዳቤውን ረቂቅ ራስሽ ጽፈሽ አቅርቢለት፣ ሐሳቡንም ስሚ። ከዚያ ስለ ሌላው ሥራ ስትነግሪው ማስፈራሪያ እንዳይመስል በተረጋጋ ድምፅ፣ መልስ የምትፈልጊበትን ቀን ጠቅሰሽ ይሁን።