በርታ አንድም ቃል አትናገርም

ሰላም እህቴ። በድሮዎቹ ጎቲክ (የጨለማ ቤትና የምስጢር አስፈሪ) ልብወለዶች የተረሱትን ሴቶች እንደገና የሚተርኩ አስፈሪ መጻሕፍት ማንበብ እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። ከአዲሶቹ ልጀምር ወይስ ከጥንቶቹ ነው ጥያቄሽ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬዋለሁ። ከጥንቶቹ ጀምሪ።

"ጄን ኤር"ን ያነበብኩት ኮሌጅ እያለሁ ነው። ሻርሎት ብሮንቴ እ.ኤ.አ. በ1847 ያሳተመችው ነው። ያኔ ልቤ ሙሉ በሙሉ ከአስተማሪዋ ከጄንና ከምትወደው ከቤቱ ጌታ ከሮቸስተር ጋር ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቆለፈባት ሚስቱ በርታ ለእኔ የሰርጋቸው እንቅፋት ብቻ ነበረች። ቤቱን አቃጥላ ከጣሪያው ላይ ወድቃ ስትሞት እፎይ አልኩ።

ከዓመታት በኋላ የበርታን ታሪክ እንደገና የሚተርከውን የጂን ሪስን "ዋይድ ሳርጋሶ ሲ" አገኘሁ። የታተመው በ1966 ነው። በርታ ከጃማይካ የመጣች ናት፤ ሪስም የካሪቢያን ልጅ ናት፣ የተወለደችው ዶሚኒካ ነው። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሴትየዋ አንቷኔት ትባላለች። "በርታ" እያለ የሚጠራት ባሏ ነው። እሷ ስሜ አይደለም ትላለች፤ እሱ አይሰማትም። እዚያ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ እርሳስ ይዤ ወደ "ጄን ኤር" ተመለስኩ። በርታ ራሷ የምትናገረውን ሁሉ ላሰምርበት ነበር ሐሳቤ። ሳቋ ይሰማል፣ ጩኸቷም ይሰማል። ከአፏ የወጣ ቃል ግን የለም። ነክሳው የቆሰለው ወንድሟ "እንዲህ አለችኝ" ብሎ ያወራላታል፣ ያ ብቻ ነው። እርሳሴ ምንም ሳያሰምር መጽሐፉ አለቀ።

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ከጓሮ ክፍል የማትወጣ ሴት ነበረች። "የእነ እንትና እብድ" ነበር የምንላት። ስሟን ዛሬም አላውቀውም። ስለ በርታ ሳነብ እሷ ትመጣብኛለች፤ ለዚህ ዓይነት መጽሐፍ ያለኝ ፍቅርም የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው ነው። ጥንታዊውን ስታነቢ ሴትየዋ ምን አለች፣ ስለ እሷስ የሚያወራው ማነው ብለሽ ያዢ። አዲሱ መጽሐፍ ያን ጊዜ ነው የሚያስፈራሽ።

ረጅም መጽሐፍ ከከበደሽ በኤድጋር አላን ፖ "የአሸር ቤት ውድቀት" ጀምሪ። በ1839 የወጣ አጭር ታሪክ ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ማድሊን አሸር በሕይወቷ ትቀበራለች። ወንድሟ ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ስትንቀሳቀስ ለቀናት ይሰማል፤ ሰምቶ ዝም ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ከመቃብር መውጣቷ ሳይሆን የእሱ ዝምታ ነው። እሷም ብትሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል የላትም። ከዚያ ይህንኑ ታሪክ እንደገና የሚተርከውን የቲ. ኪንግፊሸርን "ዋት ሙቭስ ዘ ዴድ" (2022) አንብቢ። እዚያ ማድሊን ታወራለች፤ የሚያወራው ማን እንደሆነ ግን አልነግርሽም። ማታ ብቻሽን ሆነሽ አታንቢው።

"ድራኩላ"ን ካነበብሽ ደግሞ ሉሲን ታውቂያታለሽ፤ ደም መጣጭ ስትሆን ልቧ ላይ እንጨት የሚተክልባት የገዛ እጮኛዋ ነው። ግዌንዶሊን ኪስት "ሪላክታንት ኢሞርታልስ" ላይ ሉሲንና በርታን 1967 ካሊፎርኒያ ውስጥ አብረው እንዲኖሩ አድርጋለች። ሁለቱ እርስ በርስ ሲደጋገፉ ማየት ደስ ይላል።

የማልወደውም አለ። የተረሳችውን ሴት አንስቶ ቢላ አስይዞ በቀል ብቻ የሚያስፈጽማት አለ። እንዲህ ሲሆን ፍርሃቱም ይጠፋል፣ ሴትየዋም ትጠፋለች።

አንዲት ግን ውስጤ ቀርታለች። "ፍራንከንስታይን" ላይ ሳይንቲስቱ ቪክተር ራሱ ለሠራው ፍጡር ሚስት ትሆን ዘንድ መሥራት የጀመራት ሴት። ነፍስ ሳይዘራባት፣ እሷን በሚሠራበት በስኮትላንድ የኦርክኒ ደሴት ላይ ይበጣጥሳታል። ስም እንኳን አልወጣላትም። የእሷን ታሪክ ልቤን በሚነካ መንገድ የጻፈ እስካሁን አላገኘሁም። ያነበባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።