ነዳጅ ሲሰጡት የሚታፈን ፒካፕ፦ ጥያቄና መልስ

የቡና ጭነት ሲጀመር የፒካፕ ጥያቄ ይበዛል። ክረምቱን ቆሞ የከረመ መኪና ድንገት ኩንታል ይጫንበትና አቀበት ላይ ማሳል ይጀምራል። ከሰሞኑ ጥያቄዎች አራቱ በዚሁ ጉዳይ ላይ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ።

*ጋሼ፣ ከአጋሮ ወደ ጅማ ቡና አመላልሳለሁ። መኪናዬ ባለ 5ኤል ሞተር የናፍጣ ሃይሉክስ ነው። ሜዳ ላይ ደህና ነው። ጭኜ አቀበት ላይ ስረግጠው ግን ይቆራረጣል፣ ጉልበት ያጣል። ትንሽ አጥፍቼ ሳስነሳው ይስተካከላል። መካኒኩ ፖምፓው አልቋል ብሎኛል። ላስወርደው?*

ገና አታስወርድ ወንድሜ። "አጥፍቼ ሳስነሳው ይስተካከላል" ያልከው ነገር ብዙ ይናገራል። ፖምፓ ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ነው፤ ያለቀ ፖምፓ በአምስት ደቂቃ እረፍት አይድንም። የአንተ ሞተር ናፍጣ የራበው ይመስለኛል። ሜዳ ላይ ትንሽ ስለሚበቃው አይታወቅበትም፤ ጭነትና አቀበት ሲመጣ ግን ይጋለጣል።

ከናፍጣ ፊልትሮው (ማጣሪያው) ጀምር። ከሥሩ ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ፈታ አድርግና ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እየተጫንክ ንጹሕ ሃይላንድ ውስጥ አፍስስ። ሃይላንዱን አቁመህ ተወው፤ ቢያድር ይመረጣል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፣ መለያ መስመሩን በዓይንህ ታየዋለህ። ውሃ ካገኘህ ጥሩ ናፍጣ እስኪወርድ አፍስስ፣ ፊልትሮውንም ቀይር። ብሎኗን አጥብቀህ የእጅ ፓምፑ እስኪጠነክር ድረስ ተጫን፤ አየሩ የሚወጣው ያኔ ነው።

ቀጥሎ አየር ነው። ከሰልባትዮ (ከነዳጅ ታንከሩ) እስከ ፖምፓ ያለው መስመር ናፍጣ የሚሳብበት ስለሆነ፣ ላስቲኩ ቢሰነጠቅ ናፍጣ ላይፈስ ይችላል፤ አየር ግን ይገባል። ብዙ ሰው "ምንም አይንጠባጠብም" ብሎ የሚያልፈው ለዚህ ነው። በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ግጠምና ሞተሩን አስነሳ። አረፋ ተከታትሎ ካለፈ ቀዳዳው ወደ ኋላ ነው። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ እይ።

ይህም ንጹሕ ከሆነ ሰልባትዮውን ጠርጥር። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት እንደ አንተ ባለ መኪና ላይ ፖምፓ አስወርጄ አሠርቻለሁ። ገንዘቡ ወጣ፣ መኪናው ግን ያው ሆነ። በኋላ ሰልባትዮው ሲወርድ ከውስጡ መዳፍ የምታህል ፌስታል ወጣች። ናፍጣ በጄሪካን ስገዛ ከክዳኑ ሥር ከሚደረገው ፌስታል ተቀዶ የገባ ነበር። ሞተሩ በኃይል ሲስብ ፌስታሏ የመሳቢያውን ቱቦ አፍ ትዘጋለች። ሲጠፋ ትለቃለች። ያ ወጪ ዛሬም ይቆጨኛል፤ አንተ እንዳትደግመው ነው የምነግርህ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ንጹሕ ናፍጣ በጄሪካን ያዝ። መሳቢያውንም መመለሻውንም ቱቦ ወደ ጄሪካኑ አዙር። ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው) እና ከጋለ ነገር አርቀህ በደንብ እሰረው። ከዚያ ጭነህ ወደ ጅሬን የሚወጣውን ዳገት ሞክር። ሳይቆራረጥ ከወጣ ችግሩ ሰልባትዮው ወይም መስመሩ ነው። ያኔም ከተቆራረጠ ስለ ፖምፓና ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ስለሚረጨው ኖዝል ማውራት እንችላለን።

*የቆየ የቤንዚን ፒካፕ አለኝ፣ ባለ ካርቡሬተር። ቀስ ብዬ ስረግጠው ይሄዳል። ድንገት ስረግጠው ግን ያስነጥስና ሊጠፋ ይደርሳል። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።*

ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል ነው። ድንገት ሲረገጥ አየሩ ወዲያው ይገባል፣ ቤንዚኑ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ያንን ክፍተት የሚሞላ ትንሽ ፓምፕ ካርቡሬተሩ ውስጥ አለ። ላስቲኩ ከደረቀ ወይም ቀዳዳዋ ከተደፈነ የምትለው ይመጣል። ሞተሩን አጥፍተህ የአየር ፊልትሮውን አንሳ። በእጅ ባትሪ እያየህ ሌላ ሰው ፔዳሉን አንዴ ይርገጥ። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ወዲያው መርጨት አለበት። ካልረጨ ጥገናው እዚያው ነው። ሲጋራም ሆነ ክብሪት አጠገቡ እንዳይደርስ አደራ።

ደህና ከረጨ ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩን አስነሳ። ወደ ካንዴላዎቹ (እሳት ሰጪዎቹ) የሚሄዱት ገመዶች ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ካየህ ገመዱ አርጅቷል። እርጥበት ሲኖር ይብሳል፣ የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቀዋለህ።

*ኮመን ሬል የናፍጣ ፒካፕ ነው የምነዳው። ስረግጠው ይርገፈገፋል፣ ጥቁር ጭስም ይለቃል። አራቱንም ኢንጀክተር ቀይሪ ተባልኩ። ዋጋው አስደነገጠኝ።*

እህቴ፣ ኮመን ሬል ማለት ናፍጣው በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ተጠራቅሞ ወደ ኢንጀክተሮቹ (ወደ መርጫዎቹ) የሚሄድበት ሞተር ነው። ብር ከማውጣትሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ "የብልሽት ኮዱን በኮምፒውተር አንብባችኋል? ኢንጀክተሮቹን ለካችኋል?" ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ስለዚህ አየሩ ይቅደም። የገጠር መንገድ አቧራ የአየር ፊልትሮን ቶሎ ይደፍናል። አየር ከሚገፋው ቱርቦ አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የሚሄደውን ወፍራም ጎማም አሳዪ። የተሰነጠቀበት ቦታ ዘይት ያረጥበዋል፣ ሲረገጥም የሚያፏጭ ድምፅ ይሰማል። ይህ ከኢንጀክተር ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

ጥርጣሬው ኢንጀክተር ላይ ከቀረ የእያንዳንዱ መመለሻ ናፍጣ በየራሱ ጠርሙስ ይለካ። ከሌሎቹ በጣም አብልጦ የሞላው እሱ ነው ተጠርጣሪው። አንዱ ስለተበላሸ አራቱ አይጣሉም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሻለሁ፦ ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተር ቱቦ ማንም እንዳይፈታ። እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፤ ቆዳ በስቶ ይገባል።

*ልጄ፣ ፒካፔ ሰኮሩ ሳልደርስ መታፈን ይጀምራል። ቆሜ የነዳጁን ካፕ ስከፍት "ፍስስ" ይላል፣ ከዚያ ደህና ይሄዳል። የራሱ ካፕ ጠፍቶ የሌላ መኪና ካፕ በፌስታል ጠቅልዬ ነው የምዘጋው።*

አባቴ፣ መልሱን እርስዎ አግኝተውታል። ነዳጁ ሲቀንስ በቦታው አየር መግባት አለበት። ፌስታሉ ያንን መግቢያ ዘግቶታል፤ ሰልባትዮው ውስጥ አየር እያጠረ ነዳጁን ወደ ራሱ ይይዛል። ለመኪናው የሚሆን ካፕ ይግዙ። ፌስታሉንም ሲያነሱ ተቀዶ የጎደለ ነገር እንዳለው ዘርግተው ይዩት። ከጎደለ ቁራጩ ሰልባትዮ ውስጥ ነው፣ ሳይውል ሳያድር ያስወጡት።