ካድሚየም ያላስቆመው ቆጠራ

ጥያቄ፦ በሂሊየም-3 ጋዝ የተሞላ የኒውትሮን መቁጠሪያ ቱቦ አለኝ። በአካባቢው ምንም የኒውትሮን ምንጭ ሳይኖር ይቆጥራል። በካድሚየም ጠቀለልኩት፣ በእርሳስም ከለልኩት፤ ለውጥ የለም። እርሳሱን ላወፍረው?

መልስ፦ እባክዎ አያወፍሩት። ካድሚየም ዝግተኛ ኒውትሮኖችን ይውጣል፤ ተጠቅልሎም ቆጠራው ካልቀነሰ ውስጡን ይጠርጥሩ። እርሳስ ደግሞ የኮስሚክ ጨረር ሲመታው ራሱ ኒውትሮን ያመነጫል።

እኔ ቀድሜ የማየው የቱቦውን ግድግዳ ነው። ብረቱ ውስጥ የቀረ ጥቂት ዩራኒየምና ቶሪየም አልፋ የሚባል የጨረር ቅንጣት ይለቃል። አልፋ በብረት ውስጥ ከ20 ማይክሮሜትር ብዙም ስለማያልፍ ጣጣው ያለው በስስ የውስጥ ገጽ ላይ ነው። ሲወለድ ከ4,000 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት በላይ ይዞ ነው፤ ከጥልቅ የመጣው ግን አብዛኛውን ጉልበቱን አጥቶ ስለሚወጣ ኒውትሮን መስሎ ይቆጠራል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዝግተኛ ኒውትሮን በሂሊየም-3 ሲያዝ የሚለቀቀው ጉልበት 764 ኪሎ ኤሌክትሮንቮልት ነው፤ የተለቀቁት ቅንጣቶች ከግድግዳ ጋር ሲጋጩ የሚመዘገበው እስከ 191 ይወርዳል፣ ከ764 ግን አይበልጥም። ብዙዎች ከዚያ በላይ ያለውን የስፔክትረም (የጉልበት ስርጭት) ክፍል ቆርጠው ይጥሉታል፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። አልፋዎቹ እዚያ ለብቻቸው ይታያሉና! ለምሳሌ ከ1,000 እስከ 2,000 ባለው ክልል በቀን 40 ከቆጠሩ፣ ስርጭቱ ዝርግ እስከሆነ ድረስ በ191 እና በ764 መካከል 23 ያህሉ የአልፋ ናቸው።

የታሸገ ቱቦ አይታጠብም፤ የሚቀርዎ አልፋውን ከኒውትሮኑ በኤሌክትሪክ ምልክቱ አነሳስ ፍጥነት መለየት ነው። አዲስ ሲያዙ ግን ከአሉሚኒየም ይልቅ አይዝጌ ብረት ይምረጡ፣ ውስጡም ከአልፋው ጉዞ በወፈረ ንጹሕ መዳብ ወይም ኒኬል ይለበጥ። በካናዳ ሰድበሪ፣ 2 ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች የነበረው የኒውትሪኖ ቤተ ሙከራ ቱቦዎቹን ያሠራው ከጋዝ ላይ በተጣለ ኒኬል ነበር።

አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ያጸዳሁትን ቱቦ ሳልዘጋው ለሳምንታት ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። አየር ውስጥ ካለው ሬዶን (ራዲዮአክቲቭ ጋዝ) የተወለደ እርሳስ-210 ገጹ ላይ ተቀመጠ፤ ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት ስለሆነ ጠብቄ የምገላገለው አልነበረም። ከእሱ የሚወለደው፣ አልፋ የሚለቀው ፖሎኒየም-210 እየተጠራቀመ ቆጠራው በየወሩ ሲጨምር አየሁ። ከዚያ ወዲህ የጸዳ የቱቦ ክፍል ሁሉ በዚያው ሰዓት ናይትሮጅን ወዳለበት ከረጢት ይገባል።

ከ764 በላይ ያለውን ሳይቆርጡ ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡና ውጤቱን ይላኩልኝ።