ቀላል የመጀመሪያ እርዳታ መያዣ፦ ምን ይያዝ፣ ምን ይቅር?

ወንድሜ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ለ3 ቀን የእግር ጉዞ ስለከበደህ «ምኑን ልቀንስ?» ላልከው፦ መጀመሪያ ቦርሳውን ራሱን ተወው። ውሃ የማያስገባ፣ የሚታሸግ ላስቲክ ይበቃል። ከትንንሾቹ ፕላስተሮችም 5 ያህል አስቀርተህ ሌላውን አውጣ።

ክብደት የማይቆጠብበት ደም ማቆሚያው ላይ ነው፦ ወፈር ያለ ጎዝ፣ አንድ ሰፊ የሚለጠጥ ፋሻ፣ ጓንት። ፋሻው ለወለምታም ይሆናል። ደም በብዛት ሲፈስ ጎዙን ቁስሉ ላይ አድርገህ አጥብቀህ ተጫን፤ ቆመ አልቆመ እያልክ ቶሎ ቶሎ አታንሳው።

በብዛት የሚያስቸግረው ግን እግር ውሃ ሲቋጥር ነው። ከጥቅል ፕላስተር ጥቂት ሜትር እስክሪብቶ ላይ ጠምጥመህ ያዝ። ተረከዝህን ማቃጠል ሲጀምርህ «ስንደርስ አየዋለሁ» አትበል። እዚያው ቁም፣ ጫማህን አውልቅ፣ ቆዳውን አድርቅ፣ ፕላስተሩን ጥጉን አክብበህ ቆርጠህ ሳይጨማደድ ለጥፈው። ጥጉ ሹል ከሆነ ካልሲው ይልጠዋል።

ለቁስል ማጠቢያ አልኮል አትሸከም፣ ሥጋውን ይጎዳል፤ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ መርጨት ይሻላል። የእባብ መርዝ መምጠጫ ካለበትም አውጣው፤ አይጠቅምም፣ ጉዳቱንም ያባብሳል።

ከመድኃኒት ፓራሲታሞል፣ የአለርጂ ኪኒን፣ ኦአርኤስ (ሰውነት ፈሳሽ ሲያጣ በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት ዱቄት)፣ ሐኪም ያዘዘልህ ካለም እሱ። ስማቸውና የአገልግሎት ጊዜያቸው እንዲታይ ከነማሸጊያቸው ያዛቸው። አስም ወይም ከባድ አለርጂ ያለበት ሰው አብሮህ ከሄደ፣ መድኃኒቱን የትኛው ኪስ ውስጥ እንደሚይዝ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቀው።