የአንገት ቱቦና መድኃኒት የለመደ ጀርም፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ ሴንትራል ላይን፣ ማለትም በአንገት በኩል ወደ ትልቅ ደም ሥር ስለሚገባው ቱቦ፣ የጠየቃችሁትን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ በሳንባ ምች ገብቶ እየተሻለው ሳለ ትኩሳቱ ተነሣበት። «በአንገቱ ቱቦ በኩል ደሙ ተመርዟል» ተባልን። ለማዳን የገባ ቱቦ እንዴት ይመርዛል?

መልስ፦ አብሽሪ እታለም። የደም ግፊት የሚያነሣው መድኃኒት በክንድ ደም ሥር ሲሰጥ ካፈተለከ ሥጋ ይጎዳል፤ ስለዚህ ልብ አጠገብ ወዳለው ትልቅ ደም ሥር የሚደርስ ቱቦ ይገባል። ጣጣው ጀርምም በዚያው መንገድ መግባቱ ነው፤ ወይ ከተወጋው ቆዳ፣ ወይ መድኃኒት ከምንሰጥበት ክዳን። ክዳኑን የምንነካው እኛ ነን፤ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ጀርሙ ቱቦው ላይ ዝልግልግ ሽፋን ካበጀ በኋላ መድኃኒት በቀላሉ አይደፍረውም።

ጥያቄ፣ ከወልዲያ፦ ሴፍትሪአክሶን የሚባለው የጀርም መድኃኒት አልያዘውም፣ ሜሮፔኔም የሚባለውን ሌላ ግዙ ተባልን። እሱም ካልያዘውስ?

መልስ፦ ክሌብሲየላና አሲኔቶባክተር የሚባሉት ጀርሞች ብዙ ጊዜ ሴፍትሪአክሶንን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታሉ፤ አንዳንዶቹ ሜሮፔኔምንም ይሰብራሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው ኩላሊት የሚፈታተነው ኮሊስቲንና መሰሎቹ ናቸው። መድኃኒት ከመቀየሩ በፊት ደም ለካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ ለመለየት ለሚደረግ ምርመራ) ተወስዶ እንደሆነ ጠይቁ። ከቱቦውና ከክንድ በአንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ የቱቦው በማሽን ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ጀርም ካሳየ ምንጩ ቱቦው ነው ብለን እንጠረጥራለን።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ፦ ቱቦው ይውጣልን ማለት ነውር ነው?

መልስ፦ ምን ነውር አለው! «ዛሬም ያስፈልገዋል ወይ?» በሉ። በአሜሪካ ሚሺጋን ከ100 በላይ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች አምስት ነገር ብቻ አጥብቀው ያዙ፦ እጅ መታጠብ፣ ቱቦው ሲገባ ሙሉ መከላከያ መልበስ፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ የጭን ደም ሥርን መተው፣ የማያስፈልግ ቱቦ ቶሎ ማውጣት። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ በ1000 የቱቦ ቀን (አንድ ታማሚ ቱቦ ይዞ የዋለበት አንድ ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር) 2.7 የነበረው የቱቦ ደም ምርዘት መካከለኛ ቁጥር በ3 ወር ውስጥ ዜሮ ገባ። አዲስ መድኃኒት አልጨመሩም። ለእኔ ከሜሮፔኔም ፍለጋ ይሄ ይቀድማል።

ጥያቄ፣ ከከሚሴ፦ ዘመድ አዝማዱ ሊጠይቅ ይመጣል። እንከልክል?

መልስ፦ ወሎ ላይ ታማሚ አትጠይቁ ማለት ከባድ ነው። ብዙው ደጅ ሆኖ ዱአውን ጸሎቱን ያድርስ፤ የሚገባው ጥቂት ሰው እጁን በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሽ። ጠበልም ሆነ ዘምዘም በቱቦው አካባቢ አይፍሰስ። ፕላስተሩ ከረጠበ ወይም ከተላቀቀ ራሳችሁ አትለጥፉት፣ ነርስ ጥሩ።